ነጭ ወፍ በጨለማ ደን ፊት ስትበር፦ ላባዋ ሳይቃጠል እንዴት ትነሳ?

ጣናዊት (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከዘጌ ደን ፊት ለፊት በጣና ሐይቅ ላይ ዝቅ ብለው የሚያልፉትን ፔሊካኖችና ነጫጭ ሳቢሳዎች በበረራ ላይ ማንሳት እፈልጋለሁ። ካሜራው ኒከን ዲ7500 ነው፣ ሌንሱ ደግሞ 200-500 ሚሊ ሜትር ኤፍ 5.6። አሁን የምጠቀመው ቅንብር ሹተር ፕራዮሪቲ (ፍጥነቱን እኔ የምወስንበት) 1/2000 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) አውቶ፣ ሜተሪንግ (የብርሃን አለካኩ) ሙሉውን ፍሬም የሚያየው ማትሪክስ፣ ፋይሉ ጄፔግ ነው።

ወፏ ከሰማዩ ፊት ስትሆን ትጠቁራለች። ወደ ደኑ ስትገባ ደግሞ ክንፏ በብርሃን ብዛት ተቃጥሎ ባዶ ወረቀት ይመስላል፤ አንድም የላባ መስመር አይታይም። ደኑም ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ግራጫ የቀላቀለ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ካሜራው ከለካው ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻውን) -1 ሳደርገው ደኑ ላይ ያለችው ትሻላለች፣ ሰማይ ላይ ያለችው ትብሳለች። በዚያ ላይ ፎከሱ ወፏን እየተከተለ ሳለ በድንገት ትቷት ዛፎቹ ላይ ይቀመጣል።

ሁለቱንም የሚያስታርቅ ቅንብር አለ? ደኑስ እንደ ጥቁር ግምጃ ጥልቅ ሆኖ እንዲወጣ ማድረግ የሚቻለው በካሜራ ነው ወይስ በኋላ በኮምፒውተር? ቁጥሮች ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።


ጥላና ብርሃን

ሰላም ጣናዊት። መጀመሪያ ምክንያቱ፣ ምክንያቱን ካወቅሽ ቁጥሩን ራስሽ ታወጪዋለሽ።

ሜትሩ (የካሜራው ብርሃን መለኪያ) የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ፍሬሙን የሞላው ደን ከዚያ ግራጫ በ2 ስቶፕ ያህል ይጨልማል እንበል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ወይም በግማሽ መቀነስ ነው)። ማትሪክሱ ያንን ጨለማ ወደ መካከለኛው ለማምጣት ብርሃን ይጨምራል፤ አይኤስኦው አውቶ ስለሆነ ከ400 ተነስቶ 1600 ይደርሳል ማለት ነው። ነጭ ላባ ደግሞ በተፈጥሮው ከግራጫው 2 ስቶፕ ያህል ይበራል፤ ግራጫው ከሚያርፍበት ብርሃን 18 ከመቶውን ሲመልስ ንጹሕ ነጭ ላባ ከ80 እስከ 90 ከመቶውን ይመልሳልና። ሁለቱ ሲደመሩ ላባው +4 ላይ ወደቀ። ጄፔግ ከ+2.5 አካባቢ በላይ ያለውን አይዝም። ሮውም (የካሜራው ጥሬ ፋይል) ቢሆን ከ+3 ወይም ከ+3.5 አያልፍም። ስለዚህ ያ የላባ መስመር ፋይሉ ውስጥ ጭራሹን የለም፤ የትኛውም ፕሮግራም አያመጣውም።

ሰማዩ ላይ የሚሆነው የዚሁ ግልባጭ ነው፤ ሜትሩ ሰማዩን ለማጨለም ሲል ወፏን አብሮ ያጨልማታል። ኮምፐንሴሽን ያላዋጣሽ ለዚህ ነው። -1 ወይም -2 የሚሠራው ጀርባው ካልተለወጠ ብቻ ነው፣ ፔሊካን ግን በሦስት ሰከንድ ውስጥ ከሰማይ ወደ ደን፣ ከደን ወደ ውሃ ይሻገራል። ወፏ ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ብርሃን ግን ሦስቱም ቦታ ላይ አንድ ነው። እኛ መለካት ያለብን እሱን ነው።

ስለዚህ ኤም (ሁሉንም ራስሽ የምትወስኚበት ማኑዋል) ላይ አድርጊው፣ አይኤስኦ አውቶንም አጥፊው። ብዙ ሰው ኤም ላይ አድርጎ አይኤስኦውን አውቶ ይተወዋል፤ ያ ማኑዋል አይደለም፣ ደኑ እንደገና አይኤስኦውን ይጎትተዋል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሜተሪንጉን ስፖት (ትንሽ ክብ ብቻ የሚለካውን) አድርጊ። በዲ7500 የስፖቱ ክብ የመረጥሽውን የፎከስ ነጥብ ይከተላል። ወፏ በምትበርበት ፀሐይ ውስጥ ያለ ነጭ ነገር ፈልጊ፦ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ፔሊካን፣ እሱ ከሌለ ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ንጹሕ ጋቢ ወይም ነጠላ። ክቡ በነጩ ብቻ ይሞላ፣ ጥላ ያለበት እጥፋት አይግባበት። ከዚያ መለኪያው +1 ከ2/3 እስኪያሳይ ሹተሩን ወይም አይኤስኦውን አስተካክዪ። +2 ያልሆነበት ምክንያት ክንፍ ሲዘረጋ አንዳንዱ ላባ ለፀሐይ ቀጥ ብሎ ስለሚዞርና ከተቀመጠችው ወፍ ይበልጥ ስለሚበራ ነው።

የሚለካ ነገር ከሌለ በ"ፀሐያማ 16" ደንብ ጀምሪ። በጠራ ፀሐይ፣ ኤፍ 16 ላይ (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ይበልጥ ይከፈታል) ሹተሩ ከአይኤስኦው ጋር እኩል ነው፤ አይኤስኦ 400 ከሆነ 1/400። ይህ ኤፍ 8 ላይ 1/1600 ይሆናል። ለነጭ ወፍ አንድ ስቶፕ ቀንሺለት፦ አይኤስኦ 400፣ ኤፍ 8፣ 1/3200። ፀሐይ ከወጣች ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ብርሃኑ ሁለት ስቶፕ ያህል ደካማ ነው፤ ያኔ መነሻሽ አይኤስኦ 800፣ ኤፍ 5.6፣ 1/2500 ይሁን። እየቆየ ብርሃኑ ሲጠነክር በየ15 ደቂቃው እንደገና መለካት ግድ ነው።

አንድ ፎቶ አንሺና በማሳያው ላይ የተቃጠለ ነጭን በብልጭታ የሚያሳየውን ገጽ ክፈቺ (በፕሌይባክ ሜኑ ውስጥ ሃይላይትስ የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል)። ብልጭታው ጀርባዋ ወይም ደረቷ ላይ ከሆነ 1/3 ስቶፕ ቀንሺ፣ እስኪጠፋም ቀጥዪ። ክንፏ ጫፍ ላይ ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ ተይው። በሂስቶግራሙ (የጨለማውንና የብርሃኑን መጠን በሚያሳየው ግራፍ) አትተማመኚ። ደኑ ግራውን ሞልቶት ወፏ የፍሬሙ 3 ከመቶ ብቻ ስትሆን፣ የነጩ ጉብታ በቀኝ ዳር ለዓይን እንኳ አይታይም፤ ተቃጥሎም "ጨልሟል" የሚል ይመስላል።

ፋይሉን ደግሞ ዛሬውኑ ወደ ሮው ቀይሪው።


ሌንስ 500

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ አንድ ቦታ ላይ ግን እለያለሁ። ደመና እየመጣ እየሄደ ባለበት ቀን በማኑዋል መሮጥ አድካሚ ነው። ዲ7500 ሃይላይት-ዌይትድ የሚባል ሜተሪንግ አለው፣ ምልክቱ የስፖት ነጥብ ሆኖ ከጎኑ ኮከብ ያለበት። ፍሬሙ ውስጥ በጣም የበራውን ፈልጎ እንዳይቃጠል ይጠብቃል፣ ደኑን ይተወዋል። ጀርባው ደን ብቻ ከሆነና ወፏ ከፍሬሙ በቂ ቦታ ከያዘች ከአይኤስኦ አውቶ ጋር ጥሩ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ ስለሚጨልም +0.3 እስከ +0.7 መጨመር ይቻላል።

የሚሳሳተው መቼ ነው? የሰማይ ቁራጭ ሲገባ፣ ወይም ውሃው ላይ ፀሐይ ሲያብረቀርቅ። ያኔ ያንን ብልጭታ ሊያድን ብሎ ወፏን አንድ ሁለት ስቶፕ ያጨልማታል። ወፏ ሩቅና ትንሽ ስትሆንም ጭራሽ ላያያት ይችላል። ስለዚህ ፀሐዩ ሳይቆራረጥ ከወጣ ማኑዋል፣ ሰማዩ ከተቆራረጠና ጀርባው ደን ብቻ ከሆነ ይሄኛው።

አሁን ወደ ፎከሱ። ነጭ በጥቁር ላይ የፎከስ ሴንሰር የሚመኘው ጉዳይ ነው፣ ንፅፅሩ ከፍተኛ ነውና። ስለዚህ ፎከሱ ዛፍ ላይ የሚሄደው ወፏ ከነጥቦቹ ውጪ ስትወጣ ነው፤ ነጥቡ ሥር የቀረው ቅጠልና ቅርንጫፍ ብቻ ስለሚሆን ወደዚያ ይዘላል።

ኤኤፍ-ሲ (ሳያቋርጥ የሚከተል ፎከስ) ላይ ሆነሽ ግሩፕ-ኤሪያ (ጥቂት ነጥቦችን በአንድነት የሚጠቀመውን) ምረጪ። ይህ ሞድ ከነጥቦቹ ሥር ካሉት ነገሮች ቅርቡን ያስቀድማል፤ ወፏ ከደኑ ስለምትቀርብ ዝንባሌው ለአንቺ ይሠራል። ክፋቱ፣ በአንቺና በወፏ መካከል ደንገል ወይም የማዕበል ፍንጣቂ ካለ እሱን ይይዛል። ደንገል ባለበት ዳርቻ ዳይናሚክ (አንድ ነጥብ መርጠሽ ዙሪያው ያሉት የሚያግዙት) 9 ወይም 21 ይሻላል። 51ዱን ነጥብ አውቶ ማድረግ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሜኑ ውስጥ ፎከስ ትራኪንግ ዊዝ ሎክ-ኦን የሚለውን 4 ወይም 5 አድርጊው። ወፏ ለቅጽበት ከነጥቡ ብታመልጥ ካሜራው ወደ ዛፉ ከመዝለሉ በፊት ይታገሣል። ሌንስሽ ጎን ላይ ያለውን ገዳቢ ከ6 ሜትር እስከ ማለቂያ ወደሚለው ውሰጂው፤ ፎከሱ አንዴ ከጠፋ ሌንሱ ሙሉውን ርቀት እየዞረ ጊዜ እንዳያጠፋ። ቪአሩን (የሌንሱን የመንቀጥቀጥ መቀነሻ) ስፖርት አድርጊው። 1/2500 ላይ ለምስሉ ጥራት ብዙም አይረዳም፣ ነገር ግን በጀልባ ላይ በመመልከቻው ውስጥ ምስሉ ስለሚረጋ ወፏን ነጥቡ ላይ ማቆየት ይቀላል።

ፎከሱን ከመተኮሻው ቁልፍ አውጥተሽ ኤኢ-ኤል/ኤኤፍ-ኤል ወደሚለው ቁልፍ አዙሪው። ወፏ ገና ሩቅ ሳለች ያዣት፣ ተከተያት፣ ከቀረበች በኋላ ብቻ ተኩሺ። ፎከሱ ዛፍ ላይ ሲሄድ ካየሽ አውራ ጣትሽን አንሺና ነጥቡን ወፏ ላይ መልሰሽ እንደገና ተጫኚ። ይዞ መጠበቅ ከዛፉ አያላቅቀውም።

በ500 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 5.6፣ 25 ሜትር ርቀት ላይ በዚህ ካሜራ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 55 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኤፍ 8 ላይ 80። የፔሊካን ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2 ሜትር ከግማሽ በላይ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ክንፍ ጥርት ለማድረግ መድከም ከንቱ ነው፤ ዓይኗና ምንቃሯ ከጠራ ፎቶው ቆመ። ብርሃን ካለ ኤፍ 7.1 ወይም 8፣ ከሌለ ሳትፈሪ 5.6።

ሹተር ለፔሊካን 1/1600 ይበቃል፣ ክንፉን የሚያራግበው ቀስ ብሎ ነው። ከብት ተከትላ የምትውለው ትንሿ ሳቢሳ ግን 1/2500 ትፈልጋለች፣ አለዚያ የክንፏ ጫፍ ይፈዛል።


ባለታንኳው

ሁለቱም ስለ ካሜራ ብለዋል፤ እኔ ስለ ቦታው ልበል። ጣናዊት የጠየቀችው ጥልቅ ጥቁር የሚገኘው ደኑ በራሱ ጥላ ውስጥ ሆኖ ወፏ ፀሐይ ላይ ስትሆን ነው። ጠዋት ከዘጌ ምሥራቅ በኩል በጀልባ ሆናችሁ ወደ ደኑ ካያችሁ ፀሐይ ከጀርባችሁ ወጥታ ዛፎቹን ፊት ለፊት ትመታቸዋለች። ወፏ ታምራለች፣ ደኑ ግን ደማቅ አረንጓዴ ነው። ልዩነቱ ሦስት ስቶፕ ያህል ቢሆን ነው፤ ደኑ ጥላ ሲሆን ግን አምስትና ስድስት ይደርሳል።

ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፣ ስለዚህ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ የደን ዳርቻ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። በዚህ ወቅት ጠዋት፣ እንዲህ ባለ ዳርቻ ፊት ውሃው ላይ ሆናችሁ ደኑን በቀጥታ አትዩት፤ በዳርቻው ርዝመት ወደ ምዕራብ አግድም ተመልከቱ። ፀሐይ ከጀርባችሁ በግራ ትከሻ በኩል ናት፣ ከዛፎቹ ራቅ ብላ የምትበረው ወፍ ሙሉ ፀሐይ ታገኛለች፣ የዛፎቹ ፊት ግን ጨለማ እንደሆነ ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ግልባጩ ነው፣ ወደ ምሥራቅ ማየት። ከግንቦት እስከ ሐምሌ ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ያኔ ወደ ደቡብ የዞረ ዳርቻ ነው የሚፈለገው።

ቀጥሎ ከፍታ። ከታንኳ ወይም ከጀልባ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ወፏን ብዙ ጊዜ ከሰማይ ጋር ነው የሚያያት። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ዛፎቹ 20 ሜትር ቁመት ኖሯቸው ከእናንተ 150 ሜትር ቢርቁ፣ 25 ሜትር ላይ የምትበር ወፍ ከዓይናችሁ በላይ ከ3.3 ሜትር ከፍ ካለች ከዛፎቹ ጫፍ በላይ ትታያለች። ወፏን 60 ሜትር ላይ ከያዛችኋት ግን እስከ 8 ሜትር ድረስ በደኑ ውስጥ ናት፣ ግን ትንሽ ትሆናለች። ስለዚህ ወይ ወደ ደኑ ጠጋ ማለት፣ ወይ ውሃ ሊነኩ ጥቂት የቀራቸውን ብቻ መምረጥ። በጣም መጠጋትም ዋጋ አለው፤ ደኑ ከወፏ በስተጀርባ 30 ሜትር ላይ ከሆነ ቅርንጫፎቹ እየለዩ ይወጡና ዓይን ይበትናሉ። 80 ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ይዋሐዳሉ።

ነፋሱን ሳታዩ አትቁሙ። ወፍ ወደ ነፋስ ፊቷን አዙራ ነው የምትነሳውም የምታርፈውም። ነፋሱ ከጀርባችሁ ከመጣ ወደ እናንተ ትመጣለች፤ ከፊት ከመጣ የምታገኙት ጭራዋን ነው። ፀሐይም ነፋስም ከጀርባ የሆኑበት ጠዋት ሲገኝ እዚያው ቆዩ፣ ቦታ መቀየር አያስፈልግም።

የአየሩ ነገር። በመስከረምና በጥቅምት ዝናብ ያጠበው አየር ጥርት ያለ ነው፣ እርጥብ ደንም ይጨልማል። ከየካቲት ጀምሮ አቧራና የእርሻ ቃጠሎ ጭስ ሲመጣ ሩቅ ደን ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይለወጣል፤ ጥቁር ብላችሁ የምትጠብቁት ነገር አይገኝም፣ መፍትሔው መቅረብ ብቻ ነው። ጠዋት ውሃው ላይ የሚተኛው ጉምም እንዲሁ ያደርጋል። ከ3 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሞቃት አየር ውሃው ላይ መርገብገብ ይጀምራልና በ500 ሚሊ ሜትር ከሩቅ የተነሳ ሁሉ የፎከስ ስህተት ይመስላል። ሌንሱን አትውቀሱት።

ፔሊካኖቹ ዓሣ አጥማጆች መረብ በሚያጸዱበት ቦታ ይሰበሰባሉ። አጥማጆቹን አስቀድሞ ሰላም ብሎ ማስፈቀድ ተገቢ ነው። ሞተሩ ከሩቅ ይጥፋ፤ ሌንስን የጀልባው ጠርዝ ላይ ማስደገፍም ንዝረቱን ወደ ሌንሱ ያስተላልፋል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ቦታውን ከማያውቅ ሰው ጋር በታንኳ መግባት አደጋ ነው።

ወፎቹን ለማስነሳት ማባረርና ድንጋይ መወርወር ፈጽሞ አይደረግ። ፔሊካን ከባድ ወፍ ነው፤ ከውሃ ለመነሳት ውሃውን በእግሩ እየመታ ይሮጣል፣ ብዙ ጉልበትም ያወጣል። ደግሞም ተባርሮ የተነሳ ወፍ የሚያሳያችሁ ጀርባውን ነው። ተቀምጦ መጠበቅ ለእሱም ለፎቶውም ይሻላል።


ጣናዊት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ባለታንኳው፣ የሰሜኑ ዳርቻ ነገር ብዙ ነገር ፈታልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ማኑዋል ላይ ሆኜ ደመና ፀሐይዋን ሲሸፍናት ምን ያህል ልጨምር? ሁለተኛ፣ ሳቢሳዎቹ ወደ ማደሪያቸው በብዛት የሚመለሱት ማታ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ያኔ 1/2500 ካልኩ አይኤስኦው ጣሪያ ይነካል። መተው ይሻላል?


ጥላና ብርሃን

ደመናውን በጣት ቁጠሪው። ካሜራሽ በ1/3 ስቶፕ ከተቀናበረ የመዘውሩ አንድ ቀጭታ 1/3 ነው። ስስ ደመና አንድ ስቶፕ ያህል ይወስዳል፣ ሦስት ቀጭታ። ወፍራም ደመና እስከ ሦስት ስቶፕ፣ ዘጠኝ ቀጭታ። መዘውሩን ለአይኤስኦ ብታደርጊው ሹተሩና አፐርቸሩ (የሌንሱ ክፍተት፣ የኤፍ ቁጥሩ) አይነኩም። ፀሐይ ስትመለስ ግን ያንኑ ያህል መመለስሽን አትርሺ፤ በማኑዋል ነጭ ከሚቃጠልበት ምክንያት አንደኛው ይህ ነው። ደመናማ ሆኖ የዋለ ቀን ለነጭ ወፍ መጥፎ አይደለም፣ ብርሃኑ ለስላሳ ስለሆነ የክንፉ ውስጥም ይበራል። ደኑ ግን ከወፏ ጋር አንድ ዓይነት ብርሃን ስለሚያገኝ ያን ያህል አይጨልምም።

ማታውን አትተዪው። ማደሪያ ዛፍ ላይ ሊያርፉ ሲሉ ክንፋቸውን ዘርግተው ይንሳፈፋሉ፣ ሳያራግቡ። ለዚያ ቅጽበት 1/1000 ይበቃል፣ አይኤስኦ 1600 ወይም 3200 ሆኖ። ፀሐይ ስትጠልቅ ብርሃኑ ስለሚቀላ መጀመሪያ የሚቃጠለው የቀዩ ቻናል ነው። አጠቃላዩ ብልጭታ ላያሳየው ይችላል፤ ስለዚህ የሦስቱን ቀለም ሂስቶግራም ከፍተሽ በቀዩ ላይ ብቻ የሚሆነውን እዪ። እዚህ ላይ +1 ከ1/3 ይበቃል።

ብርሃኑ ከዚያም ሲያንስ ሹተሩን ጭራሽ ወደ 1/30 አውርጂው፣ አይኤስኦውንም ብርሃኑ በፈቀደው መጠን ዝቅ አድርጊ፣ አፐርቸሩ ኤፍ 5.6 ይሁን። ከወፏ ጋር እኩል እየዞርሽ ተኩሺ፣ ከተኮስሽም በኋላ መዞርሽን አታቁሚ። ጭንቅላቷ በከፊል ይጠራል፣ ክንፎቿ በጨለማው ላይ ነጭ ጅረት ሆነው ይሳላሉ። ይህ ዘዴ የሚያምረው ጀርባው ጨለማ ሲሆን ብቻ ነው፤ በደማቅ ጀርባ ላይ ነጭ ክንፍ ሲፈዝ ይጠፋል። አብዛኛው ፎቶ እንደሚበላሽ ጠብቂ። 1/15 ላይ ከሚወጣው 1/60 ላይ የሚወጣው ይበልጣል፣ ግን የ1/15ቱ ስትሳካ ሌላ ነገር ናት።


ሐዋሳ ዳር

ስለ ሌሎች ካሜራዎች በአጭሩ፣ ለሚያነቡ። ካኖን ላይ ሃይላይት ቶን ፕራዮሪቲ ሲበራ ዝቅተኛው አይኤስኦ 200 ይሆናል፤ ጄፔግ ላይ ነጩን ይረዳል፣ ሮው ለሚያነሳ ግን በደንብ መለካት ይበልጣል። መስታወት የሌላቸው ካሜራዎች ላይ፣ ለፎቶ ዜብራ (የሚቃጠለውን ቦታ በመስመር የሚያሳይ) ካላቸው፣ እሱን 100 ወይም 100+ አድርጎ ማብራት ከሁሉ ይቀላል፤ ወፏ ላይ መስመሩ እስኪጠፋ መቀነስ ብቻ ነው፣ ከመተኮስ በፊት ታያላችሁ። ወፍ የሚለየው ፎከስም ደኑ ላይ ጥሩ ይሠራል፣ ፊቷ እስካልተቃጠለ ድረስ።

በስልክ ለሚሞክሩ፦ ወፏ ያለችበትን ተጫኑና ያዙት፣ መቆለፉን ሲያሳይ የፀሐዩን ምልክት ወደ ታች ሳቡት። አጥማጆች ዘንድ የቀረበ ፔሊካን ከሆነ ይሳካል፤ ሩቁን ተዉት።


ጨለማ ክፍል

የኮምፒውተሩ ነገር ቀርቷልና እኔ ልጨርሰው። ላይትሩምን (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ይዤ ነው የምናገረው፣ ሌሎቹም ተመሳሳይ መዘውር አላቸው።

በትክክል የተነሳ ሮው ሲከፈት ጠቅላላው ጨልሞ ይታያል፣ አትደንግጪ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ኤክስፖዠሩን ይጨምርና ደኑን ግራጫ ያደርገዋል፣ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ይሆናል። ኤክስፖዠሩን ተይው። ሃይላይትስን ከ-30 እስከ -60 አውርጂው፣ ከዚያ ዋይትስን ቀስ እያልሽ አውጪው፣ የላባው ቁጥር ከ255 ውስጥ 235 እና 245 መካከል እስኪሆን። ጠቋሚውን ላባው ላይ ስታደርጊ ላይትሩም በመቶኛ ያሳይሻል፣ 92 እስከ 96 ማለት ነው። ሁለቱን በተቃራኒ መሳብ በነጩ ውስጥ ያለውን ልዩነት ይከፍተዋል፣ የላባው መስመር የሚወጣው ከዚህ ነው። ሃይላይትስ -100 ከሆነ ግን ነጩ ግራጫና ጭቃ ይሆናል፤ ወፏ ነጭ መሆኗ መታየት አለበት።

ብላክስን ከ-15 እስከ -30። ሻዶውስን አትንኪው። ጨለማው ውስጥ ያለው ኖይዝ (የምስሉ ዝንጉርጉር ነጠብጣብ) የሚታየው ሲገለጥ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ደኑን ጨለማ ማድረግ ራሱ ኖይዝ መቀነሻ ነው። ሙሉ በሙሉ 0 ግን አይሁን፤ ከ255 ውስጥ ከ5 እስከ 15 ባለው ትንሽ የቅጠል ጥላ ቢቀር ደን መሆኑ ይታወቃል። 0 ሲሆን ወፏ ተቆርጣ የተለጠፈች ትመስላለች።

ቀለሙን በጥንቃቄ። የክንፏ ውስጥ ከውሃውና ከደኑ የሚመለስ አረንጓዴ ይቀበላል፣ በጥላ ያለው ላባ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ዋይት ባላንስ የምትለኪው ፀሐይ በነካው ላባ ላይ ነው፣ በጥላው ላይ ከለካሽ ፀሐያማው ክፍል ብርቱካን ይሆናል። የቀረውን አረንጓዴ ወፏን ብቻ በሚይዝ ማስክ ሳቹሬሽን -20 አድርገሽ ቀንሺ። ነገር ግን ለነጭነት ብለሽ ቀለሙን በሙሉ አታጥፊ። ፔሊካን ክሬም አለው፣ በመራቢያ ወቅት ደግሞ ሮዝ ይነካዋል፣ ያ የራሱ ነው።

መሳል (ሻርፕኒንግ፣ ጠርዙን ማጥራት) ለወፏ ብቻ። ጠቅላላውን ስትስዪ በነጭና በጥቁር መገናኛ ላይ ብሩህ ቀለበት ይወጣል፣ በዚህ ዓይነት ፎቶ ላይ ከሁሉም ቀድሞ ዓይን የሚገባው ጉድለት እሱ ነው። በሻርፕኒንግ ውስጥ ማስኪንግን ወደ 70 እና 80 አውጪው፣ ራዲየሱ ከ1.0 አይለፍ። ክላሪቲና ዲሄዝም ያንኑ ቀለበት ያመጣሉ፤ ካስፈለገ በደኑ ማስክ ላይ ብቻ። የክንፉ ጠርዝ ላይ ወይን ጠጅ ወይም አረንጓዴ ክር ከታየ ዲፍሪንጅ ውስጥ ባለው የቀለም መምረጫ ምልክት ክሩን ንኪው፣ ይጠፋል።

ወደ ድረ ገጽ ወይም ቴሌግራም ስትልኪ የቀለም ዓይነቱ ኤስአርጂቢ፣ ረጅሙ ጎን 2048 ፒክስል፣ ጥራት 85 እና ከዚያ በላይ። ከዚያ ካነሰ ጨለማው ደን ካሬ ካሬ ሆኖ ይሰነጣጠቃል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላከ እሱም እንደገና ስለሚጨምቀው እንደ ፋይል ላኪው።